«የታጠነ ሥጋ»፦ በአንድ የጎመን ሾርባ አሠራር ትርጉም ላይ የቀረበ የስያሜ ማብራሪያ

የምግብ አሠራርን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መመለስ ለብዙ ተርጓሚዎች ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ቅደም ተከተላቸውም ግልጽ ስለሆነ የሚያስቸግር ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ስም የአንድ ማድ ቤት ዕቃ፣ እያንዳንዱም ግሥ የአንድ ማኅበረሰብ የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ወደ ድስቱ ይገባል፤ ከድስቱም ወደ ገበታው ይወጣል። አንዳንድ ጊዜም የወጥ መበላሸት ብቻ ሳይሆን የተመጋቢውን ጤና ወይም ሃይማኖት የሚነካ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ለማሳያ የመረጠው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች የሚዘወተረውን፣ ከሰፋፊ የጎመን ቅጠልና ጢስ ከጠጣ ሥጋ በቤት የሚሠራውን ሾርባ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዋሽንግተን ከተማ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ለራሳቸው የጎመን ወጥ የሚገዙት ያንኑ የደቡቡን ሕዝብ ቅጠል መሆኑ ነው። ሁለት የተለያዩ የምግብ ሥርዐቶች በአንድ ቅጠል ላይ ይገናኛሉ፤ ተርጓሚውም ከመካከላቸው ይቆማል። ሁለተኛው ምክንያት፣ በምግቡ ውስጥ በአማርኛ የጸና ስያሜ ያላገኘ አንድ ጽንሰ ሐሳብ መኖሩ ነው። ይኸውም በጨው ከታሸ በኋላ ጢስ እንዲጠጣ የተደረገው ሥጋ ነው። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «የታጠነ ሥጋ» የሚለውን ስያሜ ማቅረብና ምክንያቱን ማስረዳት የጽሑፉ ዋና ዓላማ ሲሆን፣ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የሾርባውንና የቅጠሉን ስም ማጥራት ያስፈልጋል።

፩. ሾርባ፣ መረቅ፣ ወጥ

«ሾርባ» በአማርኛ ከቆዩት ውሰት ቃላት አንዱ ነው። በዐረብኛ፣ በቱርክኛና በፋርስኛ በተቀራራቢ ድምፅ ይገኛል። በአማርኛ ምን ያህል እንደ ተላመደ ለማወቅ «የሾርባ ማንኪያ» የሚለውን የመለኪያ ስም ማስታወስ ይበቃል፤ ቃሉ ከምግቡ ስም አልፎ የመስፈሪያ ስም ለመሆን ችሏልና። በማንኪያ የሚጠጣና የሚበላ፣ ከወጥ የቀጠነ፣ በውስጡ ግን የተከተፈ አትክልት፣ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ ያለበት ምግብ ሁሉ ሾርባ ይባላል።

«መረቅ» ደግሞ ሥጋ ወይም አጥንት ሲቀቀል ጣዕሙን ያወረሰው ፈሳሽ ብቻ ነው። ቅቅል የቀረበለት ሰው ሥጋውን በልቶ መረቁን ይጠጣል፤ ሁለቱን ለይቶ መጥራት ለአማርኛ ተናጋሪ የተለመደ ነው። ቃሉ በሴማውያን ቋንቋዎች ዘመዶች አሉት። የዐረብኛው ዘመዱ እንደ አማርኛው ፈሳሹን ሲያመለክት፣ በዛሬው ዕብራይስጥ ግን ሙሉው ሾርባ፣ ከነአትክልቱና ከነጥራጥሬው፣ በዚሁ ቃል ይጠራል። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተርጓሚዎች የዕብራይስጡን ቃል ሲያዩ «መረቅ» ብለው ቢጽፉ አንባቢያቸው ጭልጥ ያለ ውሃ ይጠብቃል። የቃላት ዝምድና የፍቺ እኩልነት ማረጋገጫ አይደለም።

«ወጥ» የሚለውም ቃል ለዚህ ምግብ አይስማማም። ወጥ በእንጀራ የሚበላ፣ ቁሌቱ የወፈረ ነው። በዚህ ምግብ ውስጥ ግን ፈሳሹ ራሱ ዋጋ አለው። የደቡቡ ሕዝብ ጎመንና የታጠነ ሥጋ ከተቀቀሉ በኋላ በድስቱ ውስጥ የሚቀረውን አረንጓዴ ፈሳሽ «ፖትሊከር» በሚል ልዩ ስም ይጠራዋል። የስሙ ሁለተኛ ክፍል ዛሬ በእንግሊዝኛ በአብዛኛው የአልኮል መጠጥን የሚያመለክተው ቃል ስለሆነ፣ ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ «የድስት አረቄ» ወደሚል ሐረግ ሊደርስ ይችላል። አማርኛ ግን ለነገሩ የራሱ የሆነ ቃል አለው፤ «የጎመን መረቅ» ቢባል ምንም የሚጐድል ነገር የለም።

ስለዚህ ፈሳሽ ሁለት የአደባባይ ክርክሮች መደረጋቸው ለቋንቋ ተመራማሪ የሚጠቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የሉዊዚያና አገረ ገዥ የነበሩት ሂዩይ ሎንግና የአትላንታ ኮንስቲትዩሽን ጋዜጣ አዘጋጅ ጁልያን ሃሪስ የበቆሎ ቂጣ ከዚህ መረቅ ጋር እንዴት መበላት እንዳለበት በጋዜጣ ተከራክረው ነበር። ሎንግ ቂጣው መረቁ ውስጥ እየተነከረ፣ ሃሪስ ደግሞ እየተፈረፈረ መበላት አለበት ይሉ ነበር። እንግሊዝኛው በሐረግ የሚያስረዳውን አማርኛ በሁለት ነጠላ ግሦች ይጨርሰዋል፤ አንደኛው ወገን «ማጥቀስ»፣ ሁለተኛው «መፈትፈት» ይላል። ሁለተኛው ክርክር የመዝገበ ቃላት ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የጆርጂያ ምክትል አገረ ገዥ የነበሩት ዜል ሚለር፣ ቃሉ ሁለት ሆኖ ተነጣጥሎና እንደ መጠጡ ስም ተጽፎ በማየታቸው፣ አንድ ቃል ሆኖ እንደ አነጋገሩ መጻፍ እንዳለበት ለኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በደብዳቤ ገልጸዋል። በአንድ የድስት ውሃ ስም አጻጻፍ ላይ ይህን ያህል የተጨነቀ ሕዝብ መኖሩ፣ የምግብ ቃል ተራ ቃል ነው ብሎ ለሚያልፈው ተርጓሚ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

፪. ጎመን ማለት የትኛው ጎመን ነው?

የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለእነዚህ ቅጠሎች በጥቅሉ የሚሰጠው ስም ቀለማቸውን ብቻ የሚናገር ነው። «አረንጓዴዎች» ብሎ መመለስ አማርኛ አይሆንም። «ቅጠላ ቅጠል» የሚለውም ቢሆን ለምግቡ ብቻ ሳይሆን ለባህል መድኀኒቱም ስለሚነገር አሻሚ ነው። ስለዚህ ለጥቅሉ ስም «የቅጠል አትክልት» የሚለው ሐረግ የተሻለ ነው፤ ከሥራ ሥርና ከፍሬ አትክልት ይለየዋልና።

በነጠላ ስሞቹ ላይ ግን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ጎመን በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው ነው። በደቡብ አሜሪካውያን ዘንድ የሚበላው ኮላርድ ደግሞ የብራሲካ ኦሌራሲያ ዘር ሲሆን፣ ከጥቅል ጎመንና ከአበባ ጎመን ጋር የአንድ ዝርያ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ ቅጠሉ አለመጠቅለሉ ነው። የሁለቱን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባሉት የዕፀዋት ተመራማሪ በግልጽ አሳይተዋል። ይኸውም የኢትዮጵያ ጎመን ባለ 8 ጥንድ ክሮሞዞም ከሆነው የጥቁር ሰናፍጭ ዘርና ባለ 9 ጥንድ ከሆነው ከብራሲካ ኦሌራሲያ ተዳቅሎ የወጣ፣ 17 ጥንድ ክሮሞዞም ያለው ተክል ነው። እንግዲህ ኮላርድ ለእኛ ጎመን ከወላጆቹ በአንደኛው ወገን የሚቀርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወይዘሮዎች የዕፀዋት ጥናት ሳያስፈልጋቸው፣ በእጅና በምላስ ብቻ ይህን ዝምድና ማግኘታቸው የሚደነቅ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የትርጉም መመሪያ አጭር ነው። በመጀመሪያው መጠቀስ «ኮላርድ ጎመን» ተብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ «ጎመን» ማለት ይበቃል። «ቆስጣ» የሚለው ስም ግን በምንም መንገድ በቦታው መግባት የለበትም። ቆስጣ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ስም ያለው፣ የቀይ ሥር ዘመድ የሆነ ሌላ ተክል ነው። ቅጠሉም በጥቂት ደቂቃ ይበስላል። ኮላርድ ጎመን 45 ደቂቃ የሚጠይቅ ጠንካራ ቅጠል ነው። አሠራሩ 45 ደቂቃ እያለ ተርጓሚው «ቆስጣ» ቢል፣ ቅጠሉ ከመረቁ ተለይቶ የማይታወቅ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል።

፫. ጢስ የጠጣው ሥጋ ምን ይባል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። በዚህ ሾርባ ውስጥ የሚገባው ሥጋ በሁለት ሥራ ያለፈ ነው። አስቀድሞ በጨው ይታሻል ወይም በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎም በዝግ ቤት ወይም በሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ሂከሪን ከመሰለ ጠንካራ እንጨት የሚወጣ ጢስ እንዲያገኘው ይደረጋል። በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ውሕዶች ስቡ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳሉ፤ ለሥጋውም ያንን የታወቀ መዓዛ ይሰጡታል። ሥራው ሁለት ዐይነት ነው። በሙቅ ጢስ ሲሠራ ሥጋው በዚያው ሊበስል ይችላል። በቀዝቃዛ ጢስ ሲሠራ ግን መዓዛውን ከመጠጣት በስተቀር ጥሬ እንደ ሆነ ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለስያሜው ምርጫ ወሳኝ ስለሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው ያስፈልጋል።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ አራት አቻ ቃላት ሊታሰቡ ይችላሉ።

(ሀ) ቋንጣ። ሥጋን ለማቆየት የሚደረግ በመሆኑ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ይህንን ነው። ነገር ግን የቋንጣ መሠረቱ ድርቀት እንጂ ጢስ አይደለም። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተነስንሶበት፣ በገመድ ላይ ተሰጥቶ በነፋስ ይደርቃል። ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጢስ ቢያገኘውም ጢሱ አጋጣሚ ነው። የደቡቡ ሾርባ የሚፈልገው ሥጋ በአንጻሩ አጥንቱ፣ ቆዳውና ስቡ ያልተለየው፣ እርጥበቱም ያልጠፋ ነው። መረቁን የሚያወፍረው ከቆዳውና ከጅማቱ የሚወጣው ነገር ነው። በእርሱ ፋንታ ቋንጣ የገባበት ሾርባ የቋንጣ ሾርባ ይሆናል፤ መጥፎ ምግብ አይደለም፤ ግን የተተረጐመው ምግብ አይደለም።

(ለ) የተጨሰ ሥጋ። የእንግሊዝኛውን ግሥ እየተከተለ የሚሄድ ተርጓሚ የሚጽፈው ይህንን ነው። ስሕተቱ ከሰዋስው ነው። በአማርኛ «አጨሰ» ወይም «አጤሰ» ለሚለው ግሥ ተሳቢ የሚሆነው ነዶ ጢስ የሚሰጠው ነገር ነው። ሰው ሲጋራ ያጨሳል፤ ጋያ ያጨሳል፤ ዕጣን ያጤሳል። ትምባሆውም ዕጣኑም የጢሱ ምንጮች ናቸው፤ በመጨረሻም ዐመድ ይሆናሉ። በዚህ ሥርዐት «የተጨሰ ሥጋ» የሚለው ሐረግ ሥጋው ራሱ ነዶ ጢስ ሆነ ማለት ይሆናል።

(ሐ) በጢስ የበሰለ ሥጋ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ይመስላል፤ ከሁሉ ይልቅ አደገኛም ነው። ከላይ እንደ ተባለው በቀዝቃዛ ጢስ ያለፈ ሥጋ አልበሰለም። በዕቃው ላይ «የበሰለ» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ሳያበስል ቢበላው ስሕተቱ የእርሱ ሳይሆን የተርጓሚው ነው። ስያሜ የነገሩን ሁሉ ባሕርይ ላይናገር ይችላል፤ የሌለውን ባሕርይ ግን መናገር የለበትም።

(መ) የታጠነ ሥጋ። «አጠነ» በግዕዙ ዐጠነ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ «ዕጣን» የሚለውም ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በዚህ ግሥ ተሳቢው ቦታውን ይለውጣል። ተሳቢ የሚሆነው የጢሱ ምንጭ ሳይሆን የጢሱ ተቀባይ ነው። ሴትዮዋ ዕጣን ታጤሳለች፤ ቤቱን ግን ታጥናለች። የጠላ ጋን በወይራ ጢስ ይታጠናል። የወተት ዕቃ ይታጠናል። ጉንፋን የያዘው ሰው በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ይታጠናል። በእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች የሚታጠነው ነገር አይነድም፤ አይበስልም፤ መዓዛውን ብቻ ጠጥቶ ይወጣል። እንግሊዝኛው በአንድ ግሥ የሚጨፈልቃቸውን ሁለት ድርጊቶች አማርኛ በሁለት ግሥ ለይቶ ይዟቸዋል፤ ከእኛ የሚፈለገው የተዘጋጀውን ልዩነት መጠቀም ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ የዓላማ ተመሳሳይነት አለ። እናቶቻችን የወተት ዕቃን በወይራ የሚያጥኑት ለሁለት ነገር ነው፤ ወተቱ ጥሩ መዓዛ እንዲኖረውና ቶሎ እንዳይበላሽ። ሥጋ በጢስ የሚታጠነውም በትክክል ለእነዚሁ ሁለት ነገሮች ነው። ስለዚህ «የታጠነ ሥጋ» ስንል አዲስ ቃል አልፈጠርንም፤ በጓዳችን የኖረውን ቃል ከዕቃው ወደ ሥጋው አንድ እርምጃ አራመድነው እንጂ።

በዚህ ስያሜ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ማጠን የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፤ ካህኑ በጽና የሚያጥንበትን ግሥ ለሥጋ፣ ይልቁንም ለአሳማ ሥጋ፣ ማዋል ጆሮ ይቈረቍራል የሚል ነው። ተቃውሞው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ሆኖም የጋንና የወተት ዕቃ ማጠን ከቤተ መቅደሱ አገልግሎት ጎን ለጎን በየቤቱ የኖረ የግሡ ሥራ ስለሆነ፣ ቃሉ ከቅዱሱ ወደ ተራው ነገር ዛሬ የሚወርድ አይደለም። ለተቀደሰው ተግባር የተለዩት «ማዕጠንት» እና «ጽና» የተባሉት ስሞችም ሳይነኩ ይቀራሉ።

የስያሜ ሁለተኛ ፈተና ልጆች መውለድ መቻሉ ነው። አንድ ሙያዊ ቃል ለብቻው ቆሞ የሚቀር ከሆነ ነገ ሌላ ቃል ፍለጋ ያስወጣል። «አጠነ» ግን በርባታው የተሟላ ነው። ሥራው «ማጠን»፣ መሣሪያው «ማጠኛ»፣ የአሠራሩ ስልት «አስተጣጠን» ይሆናል። «በሙቅ ጢስ የታጠነ» እና «በቀዝቃዛ ጢስ የታጠነ» ብሎ ሁለቱን ዐይነቶች መለየት ይቻላል። «የታጠነ ዓሣ» እና «የታጠነ አይብ» ማለትም ይከተላል። ይህ ለአንድ አገር ምግብ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በሰሜን ፖርቱጋል «ካልዱ ቨርድ» የተባለው የጎመንና የድንች ሾርባ ሾሪሱ የሚባል የታጠነ ቋሊማ ይገባበታል። በሰሜን ጀርመንም የክረምት ጎመን ከታጠነ ሥጋና ከቋሊማ ጋር ይበላል። ከእነዚህ ቋንቋዎች የሚተረጉም ሰው ሁሉ ይህን ቃል ይፈልገዋል።

የሥጋውን ክፍል ስም በተመለከተ ችግሩ ቀላል ነው፤ የአማርኛ የሥጋ ብልት ስያሜ ሀብታም ነውና። በዚህ ሾርባ የሚዘወተረው ከአሳማው እግር፣ ከሹለዳው በታች ያለው አጥንት የበዛበት ክፍል ነው። ይህ «ቅልጥም» ነው። «ቁርጭምጭሚት» ማለት የመገጣጠሚያውን ስም ለሥጋው መስጠት ይሆናል።

፬. ያልተነገረው ሥጋ

ከቃላቱ ፍቺ ባሻገር አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ጎመን» ብቻ ሲባል ሰሚው የሚረዳው የጾም ምግብን ነው። ሥጋ ከገባበት ስሙ ይለወጣል፤ «ጎመን በሥጋ» ይባላል። በቋንቋ ጥናት አነጋገር ጾሙ ምልክት አልባ፣ ፍስኩ ምልክት ተሸካሚ ነው። በአሜሪካ ደቡብ የቈየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የጎመን ስም ብቻ ሲጠራ፣ በድስቱ ውስጥ የታጠነ የአሳማ ሥጋ መኖሩ ሳይነገር የሚታወቅ ነው። ሥጋው ለጣዕም የሚገባ እንጂ የምግቡ ዋና ክፍል ተደርጎ ስለማይቈጠር፣ ምግቡ ያለ ሥጋ ከተሠራ ያንን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ሁለቱም ቃላት በመዝገበ ቃላት አቻ ናቸው፤ ዝምታቸው ግን አቻ አይደለም። የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት ወይም የአረጋውያን መኖሪያ የምግብ ዝርዝር የሚተረጉም ሰው በእንግሊዝኛው ያየውን አንድ ቃል «ጎመን» ብሎ ቢያልፍ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ክርስቲያን፣ እንዲሁም አሳማ የማይበላው ክርስቲያን፣ ሙስሊምና ቤተ እስራኤላዊ በጾሙና በሃይማኖቱ ላይ የሚሆነውን ሳያውቅ ይበላል። ተርጓሚው ምንም ቃል አላጐደለም፤ ያጐደለው ቃሉ ያልተናገረውን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የተርጓሚው ግዴታ ምግቡን ከሚያዘጋጀው ክፍል ጠይቆ፣ እንዳገኘው መልስ «ጎመን በታጠነ የአሳማ ሥጋ»፣ «ጎመን በታጠነ የተርኪ ሥጋ» ወይም «የጾም ጎመን» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ማብራሪያ መጨመር አይደለም፤ ትርጉሙን መሙላት ነው።

፭. የናሙና ትርጉም

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች በሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ ለማሳየት የሾርባውን አሠራር እናቀርባለን። አስቀድሞ ስለ ግሡ መልክ አንድ ነገር መናገር ይገባል። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታና አክብሮት አይለይም። በአማርኛ «ክተፍ» ቢባል ወንድን፣ «ክተፊ» ቢባል ሴትን፣ «ይክተፉ» ቢባል አንቱ የሚባለውን ይመለከታል። ማንንም ላለመለየት «ይከተፋል፣ ይጣዳል» የሚለው ተደራጊ ግሥ የተሻለ ስለሆነ እርሱን መርጠናል።

ለ6 ሰው የሚሆን፦ አንድ የታጠነ የተርኪ እግር ወይም የታጠነ የአሳማ ቅልጥም፣ 700 ግራም ያህል፤ ኮላርድ ጎመን 1 ኪሎ ግራም፤ ነጭ ቦሎቄ 250 ግራም፤ ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ፤ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍልቃቂ፤ ዛላ በርበሬ 1፤ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ኮምጣጤ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ውሃ 3 ሊትር፤ ቁንዶ በርበሬና ጨው እንዳስፈላጊነቱ።

ቦሎቄው ታጥቦ ከዋዜማው ጀምሮ በብዙ ውሃ ይዘፈዘፋል። በማግሥቱ ውሃው ይደፋና ቦሎቄው በአዲስ ውሃ ለ10 ደቂቃ በኀይል ፈልቶ ይጠነፈፋል። የታጠነው ሥጋ በ3 ሊትር ውሃ በትልቅ ድስት ይጣዳል። ሲፈላ አረፋው ይገፈፋል፤ እሳቱም ተቀንሶ ለ1 ሰዓት በዝግታ ይበስላል። ከዚያም ቦሎቄው ተጨምሮ፣ ሁለቱም እስኪለሰልሱ ድረስ ለሌላ 1 ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ውሃው ከጐደለ የፈላ ውሃ ይጨመርበታል።

ሥጋው ከድስቱ ወጥቶ ሲበርድ ከአጥንቱ ይለያል፤ በእጅም ይተለተላል። ጎመኑ በብዙ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ወፍራሙ የመካከል አገዳው ወጥቶ ቅጠሉ ይከተፋል። ሽንኩርቱ ተከትፎ በዘይት ለ10 ደቂቃ ያህል ይቁላላል፤ ለስልሶ ወርቅማ መልክ ሲይዝ ይበቃዋል፤ እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት እስኪጠቁር አይጠበቅም። የተከተፈው ነጭ ሽንኩርት ለ1 ደቂቃ ከገባበት በኋላ ቁሌቱ፣ ጎመኑ፣ የተተለተለው ሥጋና ዛላ በርበሬው በሙሉ ወደ መረቁ ይገባሉ፤ በመጠነኛ እሳትም ለ45 ደቂቃ ይበስላሉ።

ጨው የሚጨመረው በመጨረሻ፣ መረቁ ከተቀመሰ በኋላ ብቻ ነው፤ የታጠነው ሥጋ የራሱን ጨው ይዞ መጥቷልና። ኮምጣጤውም የሚገባው ድስቱ ሲወጣ ነው። ቀደም ብሎ ከገባ ቦሎቄው እንዳይለሰልስ ይከለክላል፤ የቅጠሉንም አረንጓዴ ወደ ቡናማ ይለውጣል። ሾርባው ከበቆሎ ዳቦ ጋር ይቀርባል፤ መረቁን ማጥቀስም ሆነ ዳቦውን መፈትፈት ለተመጋቢው የተተወ ነው።

በዚህ ናሙና ሁለት ጥቃቅን ምርጫዎች ተደርገዋል። «ዛላ በርበሬ» የተባለው፣ «በርበሬ» ብቻ ቢባል አንባቢ በቅመም የተሰናዳውን ድልህ ወይም ዱቄት ስለሚያስብ ነው። «ቦሎቄ» የተባለውም የእንግሊዝኛው ቃል ባቄላንም ቦሎቄንም በአንድነት ስለሚይዝና ተርጓሚው የግድ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ስላለበት ነው።

፮. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

የታጠነ ሥጋ፦ በጨው ከታሸ ወይም ከተዘፈዘፈ በኋላ የእንጨት ጢስ እንዲጠጣ የተደረገ ሥጋ፤ የበሰለ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።
ማጠኛ፦ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም አይብ የሚታጠንበት ቤት ወይም ሣጥን።
በቀዝቃዛ ጢስ የታጠነ፦ ሳይበስል ጢስ የጠጣ።
በሙቅ ጢስ የታጠነ፦ ጢስ በሚጠጣበት ጊዜ ሙቀትም ያገኘው።
የጎመን መረቅ፦ ጎመንና ሥጋ ከተቀቀሉ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ።
ኮላርድ ጎመን፦ ቅጠሉ የማይጠቀለል የብራሲካ ኦሌራሲያ ዐይነት።
የቅጠል አትክልት፦ ቅጠሉ ለምግብ የሚውል ተክል ሁሉ።

ከእነዚህ መካከል አከራካሪ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ በተለይ የጤናና የምግብ ጽሑፎችን የሚተረጉሙ አንባቢዎች «የታጠነ ሥጋ» የሚለውን ስያሜ በሥራቸው እንዲፈትኑት፣ በየአካባቢያቸውም ለዚህ ሥራ የሚነገር ሌላ ግሥ ካለ ከነአገባቡ ጽፈው እንዲልኩልን እንጠይቃለን። ከየጓዳው የሚመጣ አንድ ሕያው ቃል፣ በጠረጴዛ ላይ ከሚቀረጹ ብዙ ቃላት ይልቅ ለመዝገበ ቃላቱ ይጠቅማል።